የሊጥ ጠብታ ያለበት ደብተር

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ላነበብኩት አንድ ጽሑፍ መልስ ነው። ጸሐፊው ለሴቶች የሚደረገው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ቅናሽ «ጥራትን ይጎዳል» ብለዋል። እኔ በዚያ ቅናሽ ከገቡት አንዷ ነኝ፤ ዛሬ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ነበርን። እሱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ደብተሩን ይዘረጋል፤ እኔ ጄሪካን አንሥቼ ወንዝ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ሊጥ፣ ከዚያ ምጣድ። የማጠናው ጭሱ ዓይኔን ካቃጠለው በኋላ፣ ቤተሰቡ ሲተኛ ነበር። የሒሳብ ደብተሬ ላይ የሊጥ ጠብታ ደርቆ ቀርቷል። ያንን ሰዓት ማን ቆጠረልን?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ምጽዋት አይደለም፣ ጌታዬ።

ይልቅስ ከምረቃ በኋላ ያለውን ቢጽፉልን። በመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቄ ስለ ኮንክሪት አንድም ነገር አልተጠየቅሁም፤ «አግብተሻል? ልጅስ መቼ አሰብሽ?» ብቻ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ይህን ወጪ የሚሸሽ አሠሪ መጀመሪያውኑ ሴት አይቀጥርም። ቀጠሮ ይዘን እንደውልልሻለን አሉኝ። አልደወሉም።

ወንድሜ (እወደዋለሁ፣ ይህንንም ማንበቡ አይቀርም) እስከ ዛሬ ምጣድ አስሶ አያውቅም።