ይድረስ ለ«5 ደቂቃ በእግር»፣ በሆቴል ማስታወቂያ ፎቶ ስር ለምትጻፈው

ጉዳዩ፦ ያለህበትን ቦታ እንድታሳውቀን ስለመጠየቅ

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ፣ ከወገቤና ከሻንጣዬ ግራ ጎማ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በደብዳቤ ወግ አንቱ ልልህ ይገባ ነበር። ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሻንጣ እየጎተትኩ ስፈልግህ ያመሸሁ ሰው ነኝና አንተ ማለቴን እንደ ድፍረት አትቁጠርብኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ ተዋውቀናል።

ካስታወስከኝ እኔ ያ ለ13 ሰው ሆቴል የመረጥኩት ነኝ። ማንም ሾሞኝ አይደለም። በቴሌግራም ግሩፓችን «ሆቴል ማን ይፈልግ?» ሲባል ኦንላይን ሆኜ መገኘቴ ነው ጥፋቴ። 11ዱ «እኔ የትም ይመቸኛል» አሉ። (የትም ይመቸኛል የሚል ሰው የት እንደማይመቸው የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ ግን ለሌላ ደብዳቤ ይቆይ።) አንዷ ጓደኛችን ብቻ «አሮጌው ከተማ ውስጥ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ደረጃ ግን ጉልበቴ አይችልም» አለች። ጥርት ያለ ጥያቄ ነበር። አንብቤው ልብ ምልክት አደረግኩበት።

ከዚያ አንተን አየሁህ። ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ፣ መስኮት ላይ አበባ፣ ከፎቶው ስር አንተ፦ «ከታሪካዊው አደባባይ 5 ደቂቃ በእግር»። ከአንተ በታች ያለውን አላነበብኩም። ማን ያነባል? ኮፒ አድርጌ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩህ። ሁሉም አውራ ጣት አሳዩኝ። እኛ 13 ሆነን በአንድ ነገር ተስማምተን አናውቅም፤ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

እስቲ ሒሳባችንን እንተሳሰብ። ጤነኛ ሰው ባዶ እጁን፣ ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዳል። በ5 ደቂቃ 400 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። እስከዚህ ጨዋ ነህ። ግን 400 ሜትሩን የለካኸው ምን ሆነህ ነው? አሞራ ሆነህ ነው። አንተን የሚጽፉህ ሰዎች ካርታ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥ ያለ መስመር እየሳቡ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። አሮጌ ከተማ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር አይወድም። ግንብ አለው፣ ግንቡ በር አለው፣ ሰው የሚገባው በበሩ ነው። የሐረር ጀጎል ጥንታዊ በሮች 5 ናቸው። ከግንቡ ወዲያ ያለ ቤት ካርታ ላይ አጠገብህ ነው፤ እግርህ ግን መጀመሪያ በሩን ፈልጎ፣ ገብቶ፣ በውስጥ በኩል ዞሮ ነው የሚደርሰው። ቬኒስን ውሰድ፤ ከ400 በላይ ድልድይ አላት፣ አብዛኞቹ በደረጃ ወጥተህ በደረጃ የምትወርድባቸው ናቸው። አሞራ ደረጃ አይወጣም። ሻንጣም የለውም።

እኔ ሞኙ ደግሞ «መኪናው በር ድረስ ያደርሰናል» ብዬ ነበር። አያደርስም። የሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ አሮጌው ክፍል መኪና ጨርሶ አይገባበትም፤ ዕቃ የሚያመላልሱት አህያና በቅሎ ናቸው። በሮምና በፍሎረንስ መሃል በተወሰኑ ሰዓታት መኪና የሚገባው በፈቃድ ነው። ካሜራው ታርጋህን አንስቶ ዝም ይላል፣ የቅጣቱ ደብዳቤ ጉዞውን ረስተህ ስትጨርስ ቤትህ ይመጣል። የኛ ሾፌር ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ስለነበር አሮጌው ከተማ ጫፍ ላይ ቆመና 17 ሻንጣ አውርዶ ደረደረልን። ለ13 ሰው ለምን 17 እንደሆነ አትጠይቀኝ። ከዚያ እጁን ወደ ጨለማው ዘርግቶ «ከዚህ 5 ደቂቃ በእግር ነው» አለ። ስምህን ሲጠራ ደስ አለኝ፣ አይ ሞኝነት! የአገር ሰው ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

የድንጋይ ንጣፍ ፎቶ ላይ ያምራል። የሻንጣ ጎማ ግን አይወደውም። 17 ሻንጣ በአንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? ከላይ መስኮቶች ተከፈቱ። አንድ ሽማግሌ በማናውቀው ቋንቋ ተናገሩን፣ ትርጉሙ ግን ወዲያው ገባን። ስልኬ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ደግሞ አበደች። ጠባብ መንገድ ውስጥ የሳተላይቱ ምልክት ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚመጣ ነጥቧ አንዴ ጣሪያ ላይ ታወጣሃለች፣ አንዴ ከግድግዳው ማዶ ሰው ሳሎን ውስጥ ታስገባሃለች። አንዲት ድመት ሦስት ጊዜ አገኘን። በሦስተኛው ጊዜ እኛን ማየት ሰልችቷት ፊቷን አዞረች።

ደግሞ አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ። አንተ የአንድ ሰው 5 ደቂቃ ነህ። ቡድን የሚራመደው በመጨረሻው ሰው እርምጃ ነው። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዱ የጫማው ማሰሪያ ይፈታል፣ አንዱ «እርግጠኛ ነህ?» ለማለት ይቆማል፣ እሱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። አንተ ለ13 አትካፈልም፣ ትባዛለህ። 5 ጊዜ 13 65 ነው። እኛን የፈጀብን 50 ደቂቃ ስለሆነ ዕድለኞች ነን።

ደረስን። «ሊፍቱ በየት ነው?» ስል እንግዳ ተቀባዩ ቅርስ የሰደብኩ ያህል አየኝ። ነገሩ እውነት አለው። በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃን እንደፈለጉ መቦርቦር በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከመቶ ዓመታት በፊት ቤቱን የሠሩት ሰዎችም ሊፍት አላሰቡም። «ክፍላችሁ 3ኛ ፎቅ ነው» አለ። እዚያ አገር ምድር ቤቱ ዜሮ ተብሎ ስለሚጀመር 3ኛው በእኔ አቆጣጠር 4ኛ ነው። ደረጃው ደግሞ ጠምዛዛ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ሻንጣ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ሁለቱን ባንዴ አያሳልፍም። ጉልበቷ የሚያማት ጓደኛችን ደረጃውን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዳ ተቀባዩ ይባስ ብሎ «እዚህ ያለን ለ9 ሰው ነው፣ ቀሪዎቹ አራቱ ቅጥያው ሕንፃ ነው የሚያድሩት» አለን። አሮጌ ቤት ክፍሉ ጥቂት ነው፤ ይህንም ከአንተ በታች በትንሽ ፊደል ጽፈውት ነበር አሉ። «ቅጥያው የት ነው?» አልኩ።

«ቅርብ ነው። 5 ደቂቃ በእግር።»

የሳቀ ሰው አልነበረም።

ማደሩን በጥቂቱ ልንገርህ፤ ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት ነው፣ ከፊት ለፊት ያለው ደወል በየሩብ ሰዓቱ ይመታል፣ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የሚያስቀረው ዋይፋይን ብቻ ነው። ጠዋት ግን መስኮቱን ስከፍት አሮጌው ከተማ ከነጣሪያው፣ ከነርግቡ፣ ከነብርሃኑ ተዘርግቶ አየሁት። ንዴቴን ለትንሽ ጊዜ አስረሳኝ። ወረድኩና ባዶ እጄን፣ ብቻዬን፣ በጫማዬ ምቾት እስከ አደባባዩ ሄድኩ። ሰዓቴን ያዝኩ። 6 ደቂቃ።

እኔን የገደለኝ ይህ ነው። ውሸታም ብትሆን ኖሮ ከስሼህ እገላገል ነበር። አንተ ግን እውነት ነህ፤ ጠዋት፣ መንገዱን ለሚያውቅ፣ ሻንጣ ለሌለው፣ ጓደኛም ለሌለው ሰው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ብቻህን እየመጣህ ፊቴ አትቁም። ስትመጣ መኪና የት ላይ እንደሚቆም፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ሻንጣ የሚሸከም ሰው መኖሩን፣ ሁላችንም አንድ ጣሪያ ስር ማደራችንን ይዘህ ና። እኔ አሁን ሆቴል ስመርጥ አንተን ዘልዬ ስልክ ነው የምደውለው። «ማታ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ሻንጣ ይዣለሁ፤ ከመኪናው ስወርድ ጀምረህ አልጋዬ እስክደርስ ንገረኝ» እላለሁ። ቶሎ ብሎ «ቅርብ ነው» ያለኝን እዘጋበታለሁ። ዝም ብሎ ቆይቶ «እ... መጀመሪያ ደረጃ አለ» ያለኝን ግን እይዘዋለሁ። እሱ ሰው ሆኖ ሄዶበታል።

መልስህን በአስቸኳይ እጠብቃለሁ። «5 ደቂቃ ስጠኝ» ካልከኝ ግን ለነገ ጠዋት ብዬ እይዘዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሆቴል መራጩ (የቀድሞው)

ግልባጭ፦
ለ11ዱ «የትም ይመቸኛል» ባዮች፣ በግሩፑ በኩል
ለሻንጣዬ ግራ ጎማ፣ ባለህበት
ለድመቷ
ለጓደኛችን ጉልበት፤ የሚቀጥለውን ሆቴል የምትመርጠው ባለቤትሽ ናት፣ በድምፅ ተወስኗል፣ 12 ለ 1። ተቃዋሚው አንድ ድምፅ የእሷው ነው።