ለክቡር የኤሌክትሪክ መኪናዬ የባትሪ ፐርሰንት፣ ዳሽቦርድ ላይ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? የምጠይቀው ለወግ አይደለም። ጠዋት ዓይኔን እንደገለጥኩ፣ ገና ሳላማትብ፣ ስልኬን አንሥቼ የማየው የእርስዎን ሁኔታ ነው። 80 ላይ ካደሩ ቤቱ ሰላም ነው። 31 ላይ ካደሩ ግን ባለቤቴ ፊቴን አይታ ብቻ «ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር አይደል?» ትለኛለች። ከዚያ ወዲያ ማን በመኪና፣ ማን በታክሲ እንደሚሄድ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ዕድገትዎ ፈጣን ነውና እንኳን ደስ ያለዎት። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ሲታገድ፣ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እገዳ የጣለች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች፤ እርስዎም ባንድ ጀንበር ተፈላጊ ሰው ሆኑ። ምክንያቱ አይነቀፍም። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ዶላር እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ለእርስዎ ሲባል ኤክሳይዙም ሱር ታክሱም ተነሣ። ሻጩ «የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ የቤንዚን ሰልፍ የለ» እያለ አወደሰዎት። አልዋሸም። የት እንደምኖር ብቻ አልጠየቀኝም።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናው የሚቆመው ታች፣ ከብሎኩ ማዶ ሜዳ ላይ ነው። በእርስዎና በሶኬቴ መካከል ያለውን ርቀት የሚያገናኘው ከመርካቶ የገዛሁት ወፍራም ገመድ ነው፤ ከበረንዳ ወርዶ፣ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ተሻግሮ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርሳል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ባዩት ቁጥር «ይሄ ነገር አንድ ቀን ሕፃን ይጨርሳል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ክረምት ሲገባ መገጣጠሚያውን በፌስታል ስጠቀልል ያዩኝ አንዲት እናት «እግዜር ይሁንህ ልጄ» ብለውኝ አልፈዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ከምጣዱ ጋር የገቡበት ጠብ ነው። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። እርስዎም ቤት ውስጥ ሲሞሉ ከዚያ ብዙ አያንሱም። ሁለታችሁ ባንድ መስመር ላይ ስትገናኙ ብሬከሩ ይወርዳል።

«ንቀልልኝ» አለች ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ሆና።

«18 ላይ እኮ ነው!»

«ሊጡ ኩፍ ብሏል። ሊጥ ደግሞ ፐርሰንት አያውቅም።»

አራት ፎቅ ወርጄ ነቀልኩ። ምጣዱ ሰማ፣ ማሟሻው ወጣ፣ ቀጣዩ እንጀራ ዓይን አወጣ፤ እርስዎ 18 ላይ ቁጭ ብለው ተራዎን ጠበቁ። ተራዎ ሲደርስ መብራት ሄደ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ3 ኪሎ ዋት ከባዶ ተነሥቶ ለመሙላት 20 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያውም መብራት ሳይጠፋ፣ ያውም ማንም ሳይጋግር። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ 20 ሰዓት የሚገኘው ቤተሰቡ በሙሉ ሰርግ ሄዶ ያደረ ለት ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ በስልኬ ለ3 ኪሎ ዋት አካፈልኩት። ከአንድ ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ በላይ መኪና ባንድ ጊዜ ይሞላል! ግድቡን አላማም፤ ቦንድ ገዝቼበታለሁ። ከጉባ ተነሥቶ ተራራ ለተራራ የሚመጣው መስመርም ግርማ ሞገስ አለው። የቸገረኝ ከሰፈራችን ትራንስፎርመር እስከ መኪናዬ ያለችው መቶ ሜትር ናት። ለእሷ ሪባን የሚቆርጥ አልተገኘም።

«ታዲያ ውጭ ፈጣን ቻርጀር አለልህ» ይሉኝ ይሆናል። አለልኝ። መጀመሪያ ግን መሰኪያው መግጠም አለበት። ቻይና ለራሷ ገበያ የሠራችው መኪና ጂቢቲ በሚባል መሰኪያ ይሞላል፤ ለአውሮፓ የተሠራው በሲሲኤስ 2። አዲስ አበባ ደግሞ ሁለቱንም አስገብታለች። ስለዚህ አዳፕተር ያለው ሰው ዛሬ የተከበረ ነው፤ ዘመድ ያልሆነው ሁሉ «ወንድሜ» እያለ ይደውልለታል። ገጠመ እንበል። ከፊቴ የተሰኩት ሰውዬ ወንበራቸውን አጋድመው ተኝተዋል፤ ፐርሰንታቸው 84። ፈጣን ቻርጀር ከ80 በላይ ሆን ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ነው። የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ያህል ጊዜ ልትፈጅ ትችላለች። «ጋሼ፣ 84 አይበቃዎትም?» ብላቸው መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው፦

«ሰው ጎዶሎ ይዞ ከቤቱ ይገባል?»

አሉኝ። መልስ አጣሁ። እርስዎ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ስለ አገር ቤት መንገድ ባላነሣ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ሆዴ አልቻለም። ወደ አዳማ ስንወርድ ምን ያህል ለጋስ እንደሆኑ እመሰክራለሁ። ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ ፍሬን በተነካ ቁጥር ባትሪው መልሶ ይሞላል፤ ልጆቼ ከኋላ «ጨመረ! ጨመረ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ነዎት። ሞጆን ሳናልፍ ኤሲው ይጠፋል፣ ሬዲዮው ይጠፋል (ሬዲዮ ይህ ነው የሚባል ነገር አይበላም፤ እኔ ግን ለአክብሮትዎ አጠፋዋለሁ)፣ አማቴ መስኮት ከፍተው በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ። ከባድ መኪና በቀኝ በኩል ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈናል።

ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ምን ይደረግ? ካታሎጉ 405 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ደብረ ማርቆስ 300 አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ደርሶ ያስቀብራል። ካታሎጉን የጻፈው ሰው ግን ጎሃ ጽዮንን አያውቅም፤ ከዚያ አባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ተወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን እንደሚወጣ አልነገሩትም። ደርሼስ በምን ልመለስ? ሐዘንተኛ ቤት ገብቼ፣ ነፍስ ይማር ብዬ፣ ቀጥሎ «ሶኬታችሁ የት ነው?» ልበል? በአውቶቡስ ሄድን። የሟች ቤተሰብ መኪናው የት እንዳለ ሲጠይቁኝ «ቻርጅ ላይ ነው» አልኩ፤ እንደታመመ ሰው አዘኑለት።

ዜሮ ሲገቡ ደግሞ ማኅበራዊ ኑሮዬን ይነኩብኛል። ቤንዚን መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ወጉ ይታወቃል፤ ጎረምሶች ከየት መጡ ሳይባል ይሰበሰባሉ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ግፉ!» ይባላል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይለቀቃል፣ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም ይስቃል። እርስዎን ገፍቶ ማስነሣት የለም። ይባስ ብሎ የሚነዳው ጎማ መሬት እየነካ እንዳይጎተት ማኑዋሉ ስለሚከለክል መኪና ጭኖ የሚወስድ ሎቤድ ይጠራል። ባለ ሎቤዱ ዋጋ ሲጠራ ያየኝ አንድ ሊስትሮ «ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ነው እንዴ መኪና?» አለኝ።

ስለ ሴትዮዋም ጥቂት ልበል። ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለችዋን ማለቴ ነው። እርስዎ 20 ሲደርሱ በቻይንኛ ረዘም ያለ ነገር ትናገራለች። ምክር ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁም፤ ከድምፅዋ ግን የባለቤቴን ወገን እንደምትደግፍ ጠርጥሬያለሁ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ስለ መለዋወጫ ስጠይቅም እንዲሁ ነው። ለአያቴ ዘመን ኮሮላ የበር እጀታ በየመልኩ ተሰቅሏል፤ ለእርስዎ ቤት ግን «ፎቶውን በቴሌግራም ላክልን፣ ሲመጣ እንደውላለን» ነው መልሱ።

መመለስ እፈልጋለሁ ማለቴ አይደለም። ማደያ በር ላይ መንገድ ዘግቶ የተኮለኮለውን ሰልፍ ባለፍኩ ቁጥር፣ 27 ላይም ቢሆኑ፣ ቀና ብዬ ነው የማልፈው። ለኃይል የምከፍለውም ለቤንዚን ከምከፍለው ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ባለቤቴም ታምናለች፣ ሳትወድ። ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚያሳዩትን ጠባይ ዳገት ላይም እንዲይዙ፤ ከ20 ወደ 12 ሲወርዱ እንደ ሰው አንድ በአንድ እንዲወርዱ፤ ሐሙስ ማታ እንጀራ የሚጋገርበት መሆኑን ተገንዝበው ከረቡዕ ጀምሮ እንዲቆጠቡ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የብሎኩ ባለ ገመድ

ግልባጭ፦
ለሰፈራችን ትራንስፎርመር
ለካታሎጉ ጸሐፊ፣ በጎሃ ጽዮን በኩል እንዲላክላቸው
84 ላይ ለተኙት ጋሼ፣ ሲነቁ