መጨረሻው የታወቀ ፊልም ለሯጭ ምን ይጠቅማል?

የ2015ቱ «ማክፋርላንድ፣ ዩኤስኤ» በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራ ፊልም ነው። በካሊፎርኒያ አንዲት የእርሻ ከተማ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የቀን ሠራተኛ ልጆች በ1987 የስቴቱን የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሲያሸንፉ ያሳያል። ለጀማሪ ሯጮች እናሳየው ወይስ ይቅር? አንድ የአዳማ ስፖርት መምህርና አንዲት ሯጭ ተሟግተውበታል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦ እናሳይ

መጨረሻው ገና ከጅምሩ ያስታውቃል፤ አልክድም። ከሥራ የተባረረ አሰልጣኝ፣ ደሃ ከተማ፣ ሽንፈት፣ ልምምድ፣ ድል። እና ምን ይጠበስ?

ከተማሪዎቼ መካከል ከትምህርት በፊት ሽንኩርት ሲለቅሙ የሚያረፍዱ አሉ። የፊልሙ ልጆችም ጎህ ሳይቀድ ማሳ ይገባሉ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሩጫ። አሰልጣኙ አንድ ቀን አብሯቸው ሊሠራ ይገባና ወገቡ ይቆረጣል። እዚያ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የራሳቸው ወገብ ነዋ! ኮረብታ ስለሌላቸው ደግሞ በሸራ የተሸፈነ የአልሞንድ ክምር ላይ ሽቅብ ይሮጣሉ። በማግስቱ አንዱ ልጅ የአሸዋ ክምር ፍለጋ ወጣ።

ሌላም አለ። በአገር አቋራጭ ከአንድ ቡድን ሰባት ይሮጣሉ፣ ቀድመው የገቡት የአምስቱ ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። ይህን ሰሌዳ ላይ ሳስረዳ የሚሰማኝ የለም። በፊልሙ ሁሌ ከኋላ የሚቀረው ዳኒ በወሳኙ ቀን ሲያስፈልግ ካዩ በኋላ ግን «የኛ አምስተኛ ማነው?» ማለት ጀመሩ።

ሯጯ፦ ይቅር

ጋሼ፣ የማሳውን ነገር እኔም ወድጄዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በፊልሙ አሰልጣኝ ጂም ዋይት በ1987 ከተማዋ ይገባል፣ በዚያው ዓመት ዋንጫ ይበላል። እውነተኛው ዋይት እዚያ ማስተማር የጀመረው በ1964 ነው! የሩጫ ቡድኑን ያቋቋመው በ1980። ዋንጫው የመጣው በ23ኛው ዓመቱ ነው። ይህን ቆርጦ ጥሎ «እውነተኛ ታሪክ» ማለት ምን ይሉታል?

እኛን የሚጎዳን ደግሞ ይኸው ነው። አንድ ክረምት ሮጦ ውድድር የሚያገኝለት ማናጀር ካላገኘ ጫማውን የሚሸጥ ልጅ ሞልቷል። «ስድስት ወር ብቻ» ብሎ አሰላ የወጣ የሰፈሬ ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል። በባጃጁ አይደለም ቅሬታዬ። ስድስት ወር ይበቃል ያለው ማን ነው?

ደግሞ እውነተኛ ውድድር እንዲህ አይታዘዝም። ማድሪድ፣ 1981፣ የዓለም አገር አቋራጭ። የኛዎቹ ዙር ተሳስተው፣ ያለቀ መስሏቸው፣ አንድ ዙር ሲቀር ፍጻሜውን ሮጡ። ገና ነው ተባሉ! አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አሸነፈ። መሐመድ ከድር ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ ሁለተኛ ወጣ፤ በቡድን ኢትዮጵያ አንደኛ። ሆሊውድ ይህን ቢያገኝ ስህተቱን አውጥቶ ወርቁን ለመሐመድ ይሰጠው ነበር።

መምህሩ

ማድሪድን ማንሳትሽ ለእኔው ጠቀመኝ። በዓመቱ ሮም ላይ መሐመድ ወርቁን ወሰደ አይደል? ወድቆ መነሳት፣ ያውም በዓመቱ! ያ ቀመር ከሜዳ የመጣ ነው፤ ሆሊውድ አልፈጠረውም።

23 ዓመትን በሁለት ሰዓት አሳየኝ ብትይኝ አልችልም። ስለ ማናጀር ካነሳሽ ግን መጨረሻውን ተመልከቺው። እውነተኞቹ ሯጮች ጎልማሳ ሆነው ይታያሉ። ኮሌጅ ገብተዋል፣ ተመልሰው እዚያው መምህር የሆኑ አሉ። ሩጫው ያስገኘላቸው ትምህርት ነው። ይህን ለአዳማ ልጅ መደበቅ አለብኝ?

ሯጯ

አይደብቁ። ግን ያ ክፍል ሰው ተነስቶ ወንበሩን ሲያነሳ የሚያልፍ ነው ጋሼ፤ እኔ ብሆን ፊልሙን ከዚያ ነበር የምጀምረው። የግድ ካሳዩአቸው ገና ሳይከፍቱት ሰሌዳው ላይ «1964» ብለው ይጻፉ። ሲያልቅ ደግሞ ዋይት ስንት ዓመት እንደፈጀበት ይጠይቋቸው። «አንድ ዓመት» የሚለው ካመዘነ እኔ ልክ ነኝ።