ከሥልጠናው የወጣው ትምህርት ይመለስ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ፣ ስትሪንግን፣ ማለትም በፕሮግራም ውስጥ የሚያዝ የጽሑፍ ቁራጭን፣ በቁጠባ ስለማያያዝ ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ሰሞኑን ከጀማሪዎች የፕሮግራሚንግ ሥልጠና አውጥቶታል። ለሠልጣኞች የተነገረው ምክንያት የዛሬ ኮምፒውተር ፈጣን ነው፣ የቀረውንም ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ራሱ ያስተካክለዋል የሚል ነው። ውሳኔው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከውሳኔው ይብሳል።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 9ኛ ስሪቱ በመደመር ምልክት የሚደረገውን ማያያዝ ማሻሻሉ እውነት ነው። ማሻሻያው ግን በአንድ ስሌት ውስጥ አብረው ለሚጻፉ ቁርጥራጮች እንጂ ሉፕ (አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ የሚያስፈጽም ዑደት) በዞረ ቁጥር ለሚደጋገም ማያያዝ አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው ትምህርት ለመቁረጥ ምን ሥልጣን አለው?

በጃቫም ሆነ በሌላው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በፓይተን ስትሪንግ አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም። ስለዚህ በነባሩ ላይ መስመር የሚጨምር ፕሮግራም አዲስ ቦታ ይይዝና የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ አዲሱን ከጫፉ ያስቀምጣል፤ አንድ ባለዕዳ በመጣ ቁጥር የዱቤ መዝገቡን በሙሉ ወደ አዲስ ደብተር የሚገለብጥ ባለሱቅ እንዲሁ ነው። ለአንድ የኮምቦልቻ መጋዘን የዕቃ ዝርዝር የሚያወጣ ፕሮግራም እንውሰድ። መስመሩ 10,000፣ እያንዳንዱም 100 ፊደል ቢሆን ሪፖርቱ 1 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ በሉፕ ውስጥ በመደመር ምልክት ከተሠራ ግን በጠቅላላው የሚገለበጠው ከ5 ቢሊዮን ፊደል ይበልጣል። መስመሩ እጥፍ ሲሆን ግልበጣው አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ የኮምፒውተሩ ፍጥነት ጉዳቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። ዝርዝሩ በአማርኛ ከሆነማ፣ ጃቫ የእንግሊዝኛውን ፊደል በአንድ ባይት (የኮምፒውተር ማስታወሻ መለኪያ) ሲያስቀምጥ የእኛን በሁለት ባይት ስለሚይዝ ሸክሙ ይከብዳል። ከማንም በፊት ይህን መማር የነበረባቸው የእኛ ልጆች ናቸው።

መፍትሔው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በጃቫ ውስጥ ያለው፣ ባለበት ጽሑፍ የሚጨመርበት መያዣ የሆነው ስትሪንግ ቢልደር ነው። ቦታ ሲጠበው መያዣውን በእጥፍ ያህል ስለሚያሰፋ የግልበጣው ድምር ከሪፖርቱ ርዝመት ጋር ተመጣጥኖ ብቻ ያድጋል። በፓይተን መስመሮቹን በሊስት (በዝርዝር መያዣ) ሰብስቦ በመጨረሻ ጆይን በተባለው ትእዛዝ አንድ ጊዜ ማያያዝ ይበቃል። የተለመደው ፓይተን አንዳንዴ ስትሪንጉን ባለበት ያስረዝመዋል የሚሉ አሉ፤ የቋንቋው የአጻጻፍ መመሪያ ፔፕ 8 ግን በዚህ መተማመን እንደማይገባ በግልጽ ይናገራል። ሁለትና ሦስት ቃል ለማያያዝ የመደመር ምልክት ምንም አይልም፤ ከዚህ ያለፈ የምቀበለው ነገር የለም።

ሠልጣኙ ሥራ ላይ ይማረዋል ማለት ከንቱ ተስፋ ነው፤ በጀማሪነቱ የለመደውን አጻጻፍ ማን ያስጥለዋል? ማሠልጠኛው ትምህርቱን ቀጣዩ ዙር ሳይጀመር ወደ ቦታው ይመልስ።