የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» መርካቶ ወይም ፒያሳ ዕቃ ገዝቶ ይህን ያላነበበ የለም። ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ይለጠፋል፣ ደረሰኙ ግርጌ ላይ ይታተማል። እያነበብነው አደግን፣ አሜሪካም ይዘነው መጣን። እዚህ ሸሚዝና ጫማ መመለስ ቶሎ ለምደናል። መኪና ላይ ስንደርስ ግን ያ ማስታወቂያ አሁንም ዓይናችን ላይ አለ። «መኪና ከዲለሩ (ከመኪና ሻጩ) ግቢ ከወጣ በቃ፣ ያንተው ነው» እንባባላለን።

አገር ቤትም ቢሆን ማስታወቂያው ሕግ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይናገራል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ለመኪና የተለየ ሕግ አለ። እኔ ያወቅሁት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ መኪና ገዛሁ። ኦዶሜትሩ ላይ 11 ማይል ብቻ ነበረው። በአምስተኛው ወር፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ 395 አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት አጣ። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ደረሰብኝ። ባለቤቴ ወደ ኋላ ዞራ የትንሿን ልጃችንን ራስ በሁለት እጇ ያዘች። እንደምንም ዳር አወጣሁት። አጥፍቼ ሳስነሳው ምንም እንዳልነካው ሄደ።

በማግስቱ ዲለሩ ጋ ወሰድኩት። የሰርቪስ ሠራተኛው አንድ ዙር ነዳውና «ምንም የለውም» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ወረቀት አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሁለተኛ ጊዜ ሲደግመው የሰፈራችን ልጅ የሆነ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ጎበዝ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ የትራንስሚሽን ችግር እንደሆነ ነገረኝ፣ ኮዱን አጠፋው፣ ገንዘብም አልቀበልም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ወደ ዲለሩ ተመለስኩ። አራት ቀን አቆዩትና ሶፍትዌር ጭነንበታል ብለው አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ሳላነበው የመኪናው ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

አራተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ሲቆም ባለቤቴ «ከእንግዲህ ልጆቼን እዚህ ውስጥ አላስገባም» አለች። ወስጄ ትሬድ ኢን አደረግሁት፣ ማለትም ለሻጩ አስረክቤ በሌላ መኪና ቀየርኩት። የቀረብኝ ዕዳ 29 ሺህ ዶላር ነበር፣ እነሱ የሰጡኝ 23 ሺህ። ስድስቱን ሺህ በአዲሱ መኪና ብድር ላይ ደረቡት። ዛሬም የማልነዳውን መኪና ዕዳ በየወሩ እከፍላለሁ።

ወር ሳይሞላ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ይህን ሳወራ፣ የሕግ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ «መኪናው ስንት ወሩ ነበር?» አለኝ። አሥራ አንድ አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና «የሎሚ ሕግ የሚባል አልሰማህም?» አለ።

አሜሪካኖች ከፋብሪካ ብልሽት ይዞ የወጣ መኪናን «ሌመን»፣ ሎሚ ማለት ነው፣ ይሉታል። ለእኛ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ የሚወረወር ነገር ስለሆነ ስሙ ምንም አይነግረንም። ሕጉን መጀመሪያ ያወጣችው ኮነቲከት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ጆን ዉድኮክ የተባለ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ባቀረበው ረቂቅ። ዛሬ ሃምሳዎቹም ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው አላቸው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። አምራቹ ኩባንያ አዲሱን መኪና ሲሸጥ ከተበላሸ እጠግናለሁ ብሎ ዋራንቲ ሰጥቷል። ተደጋጋሚ ዕድል ተሰጥቶት መጠገን ካቃተው መኪናውን መልሶ ይወስዳል፣ ወይ ገንዘቡን ይመልሳል ወይ ሌላ መኪና ይሰጣል። ተጠያቂው አምራቹ ነው። ዲለሩ ላይ መጮህ ብቻውን የትም አያደርስም።

ብዙዎቻችን የምንኖርበትን አካባቢ ልውሰድ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ የሚሠራው መኪናውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ለ18 ወር ነው። ለአንድ ዓይነት ብልሽት ሦስት ጊዜ ለጥገና ገብቶ ካልተስተካከለ፣ ወይም በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ከተቀመጠ ሕጉ ለገዢው ያደላል። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ብልሽት ከሆነ አንድ ጊዜ ገብቶ አለመዳኑ ይበቃል። ከዚያ ለአምራቹ በጽሑፍ ማሳወቅ አለ። እሱም ከ15 ቀን ያልበለጠ አንድ የመጨረሻ ሙከራ ይፈቀድለታል። ካልሆነ ገንዘቤን ወይስ ሌላ መኪና የሚለውን የሚመርጠው ገዢው ነው። ታክሱና የሰሌዳው ወጪ ሳይቀር ይመለሳል፣ ለተነዳበት ተመጣጣኝ ሒሳብ ተቀንሶ። ገዢው ክስ አቅርቦ ከረታ የጠበቃውን ክፍያ የሚሸፍነው አምራቹ ነው። «ጠበቃ በምን አቅሜ?» ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ደግሞ የሜሪላንድ ሕግ አላቸው። ጊዜው 24 ወር ወይም 18 ሺህ ማይል ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። አራት የጥገና ሙከራ ወይም 30 ቀን ይጠይቃል። መኪናውን ምርመራ የሚያስወድቅ የፍሬን ወይም የመሪ ብልሽት ከሆነ አንድ ሙከራ ይበቃል። ለአምራቹ የሚላከው ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ሜይል (በአደራ ደብዳቤ) መሄድ አለበት።

አሁን የእኔን ታሪክ በዚህ ሕግ ዓይን እዩት። አራት ጊዜ ቆሞብኛል። ሕጉ የሚያየው ግን ያቺን ሳላነብ የከተትኳትን አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ስለሌለው እንዳልነበረ ነው። የሰፈሬ ልጅ ውለታም አይቆጠርም፣ ምክንያቱም የአምራቹ ወኪል አይደለም። ሆኖም ልጆች ጭኖ አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት የሚያጣ መኪና ነበር። ያቺ አንድ ወረቀት እንኳ ጥያቄ ለማንሳት ልታበቃኝ ትችል ነበር። እኔ መኪናውን ከነወረቀቱ አስረከብኩ።

ስለዚህ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዲለሩ ጋ ከሄዳችሁ ሪፔር ኦርደሩን፣ የጥገናውን ወረቀት፣ ሳትቀበሉ አትውጡ። ምንም አላገኘንም ቢሏችሁም «አላገኘንም» ብለው ይጻፉት፣ መኪናውን ማቅረባችሁን ያስረዳል። የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ማይሉ፣ ያቀረባችሁት አቤቱታ መስፈሩን እዩ። አቤቱታው በእናንተ ቃል ይጻፍ። «ድምፅ አለው» ተብሎ ከተጻፈና «በ60 ማይል ፍጥነት ስሄድ ጉልበት አጥቶ ልገጭ ነበር» ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ ልጆቻችሁ ስልክ ላይ ጽፈው ይስጧችሁና ቃል በቃል አስገልብጡት። በየጊዜውም አንድ ዓይነት አገላለጽ ተጠቀሙ።

እዚህ ላይ የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። ሰውየው ቡና ጋብዞ፣ ፈገግ ብሎ «የመኪናው ባሕርይ ነው» ሲለን «ይጻፍልኝ» ማለት ነውር ይመስለናል። ያ ሰው ግን ሥራውን እየሠራ ነው። ወረቀት መጠየቅ ማንንም መስደብ አይደለም።

ቶሎ ማመልከት የገንዘብም ጉዳይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለተነዳበት የሚቀነሰው የሚሰላው መኪናው ለዚያ ብልሽት መጀመሪያ ለጥገና እስከገባበት ማይል ድረስ ያለውን ይዞ ነው። የመኪናው ዋጋ በዚያ ማይል ተባዝቶ ለ120 ሺህ ይካፈላል። 36 ሺህ ዶላር የተገዛ መኪና በ3 ሺህ ማይሉ ከተወሰደ የሚቀነሰው 900 ዶላር ነው። እስቲ ይለይለት ተብሎ 12 ሺህ ማይል ከተጠበቀ 3,600 ይሆናል። መታገሥ እዚህ ቦታ ኪስ ያራቁታል። በነገራችን ላይ ካሊፎርኒያ ከ2025 ወዲህ ሕጓን ቀይራ አምራቾች አዲሱን የክስ ሥርዓት እንዲመርጡ ወይም እንዲተዉ ፈቅዳለች። የገዢው መንገድ እንደ መኪናው አምራች ሊለያይ ነው ማለት ነው። ለእኔ ይህ ትክክል አይደለም፤ ቢያንስ ግን ስትገዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መኪናቸው እንጀራቸው ለሆነ ወገኖች ደግሞ ለብቻ መናገር አለብኝ። የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠብቀው በአብዛኛው ለግል ወይም ለቤተሰብ ጥቅም የሚውል መኪናን ነው። ቀን ኡበር፣ ማታ ልጅ ማመላለሻ የሆነ መኪና ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ካሊፎርኒያ በተወሰነ ክብደትና እስከ አምስት መኪና ድረስ ለሥራ የተገዛንም ታካትታለች።

ያገለገለ መኪና ሌላ ታሪክ ነው። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለው ወሬ ስንቱን ሰው ጉድ እንደሠራው! ዲለር ቤት ሄዶ ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም። መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት እንዳለ ወሰዳችሁት ማለት ነው። ኒውዮርክ ግን ለአሮጌም ሕግ አላት። ዲለሩ ከ18 ሺህ እስከ 36 ሺህ ማይል ለሄደ መኪና የ90 ቀን ወይም የ4 ሺህ ማይል ዋራንቲ መስጠት ግዴታው ነው። እስከ 100 ሺህ ማይል ድረስም እየቀነሰ ይሄዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እስካሁን እያንዳንዳችን ሎሚያችንን ለየብቻ ተሸክመናል። ለቅሶ ቤት በአጋጣሚ የሰማሁትን እድሩ ስብሰባው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊዱ ከጸሎት በኋላ፣ የአማርኛ ሬዲዮዎቻችን በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያነሱት ምን ይጎድላል? ሕግ የተማሩ ልጆች አሉን። አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛ ዘርግተው የሰዉን ወረቀት ቢያዩለት የስንቱ ቤት ዕዳ ይቀላል።

የእህቴ ልጅ መኪና አሁን 15ኛ ወሩ ላይ ነው። ማርሽ ሲቀይር ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም መብራት ላይ ይጠፋል። ሁለት ሪፔር ኦርደር በእጁ አለ። ባለፈው ሳምንት ያንኑ የሰፈራችንን መካኒክ ስልክ ሲጠይቀኝ አልሰጠሁትም። ሐሙስ ጠዋት ዲለሩ ጋ ሦስተኛ ቀጠሮው ነው። አቤቱታውን ስልኩ ላይ ጽፎ ላከልኝ። አነበብኩትና አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩበት፦ «ለሦስተኛ ጊዜ ስለ ተመሳሳይ ብልሽት የመጣሁ ነኝ።»