ከመስኮቱ ይልቅ ደረጃው
የሕንፃ ንድፍ በጤና ላይ ስላለው ተጽዕኖ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙትን ጥናት፣ ማለትም ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል መውጣታቸውንና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በጥቂቱ መውሰዳቸውን ማንሳቱ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ግን ከመስኮቱ ይልቅ ደረጃው የሚብስ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ባለአራት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰር ስለሌላቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ለቅሶ መድረሱን፣ ዕድር መሄዱንና ከጎረቤት ጋር ቡና መጠራራቱን ቀስ በቀስ ይተዋሉ፤ የደም ግፊት ወይም ስኳር ላለበት አረጋዊ ደግሞ ብቸኝነቱ ላይ እንቅስቃሴ ማጣት ይጨመርበታል። ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ ታስበው የተሠሩት የጋራ ቤቶች፣ ባህላችንን ከግምት በማስገባታቸው፣ በጎ ሐሳብ ነበሩ፤ ነገር ግን ሊጡን በባልዲ ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደው ማን እንደሆነ ንድፍ አውጪዎቹ በቅጡ ያጤኑት አይመስለኝም።