እርማት፦ ጥርስ በሌለው አፈሙዝ ላይ ድምፅ መቀነሻን በቪቴ ማሰር

በብሪታንያ ለአጋዘን አደን መሣሪያ ስለሚያዘጋጁ ሰዎች ሲነሳ «አፈሙዙ የድምፅ መቀነሻው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ባይኖረውም መቀነሻውን ዙሪያውን በቪቴ ወጥሮ ማሰር ይበቃል» የሚል ምክር ይደጋገማል። ወጪ ለማዳን የታሰበ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ትክክል አይደለም።

ቁም ነገሩ ጥብቀቱ ሳይሆን መስመሩ ነው። መቀነሻው መስመር መጠበቅ ያለበት ጥይቱ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ጋር ነው። የአፈሙዙ ውጫዊ ገጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ማዕከሉም ከቀዳዳው ማዕከል ጋር ላይገጥም ይችላል። ትንሽ ካዘነበለ ጥይቱ በመቀነሻው ውስጥ ያሉትን መሀላቸው ቀዳዳ የሆነ ከፋዮች ይመታል፤ መቀነሻው ሊፈነዳ፣ ጥይቱም ካልታሰበበት ሊሄድ ይችላል።

ጥርሱን ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ሠሪ፣ ቀዳዳውን ማዕከል አድርጎ በቶርኖ ያወጣው። ከተገጠመ በኋላ እንዲህ ያረጋግጥላችሁ፦ ባዶ መሆኑ በታየ ጠመንጃ ቀዳዳ ውስጥ ልኩን የጠበቀ ቀጥ ያለ ዘንግ ያሳልፍና ከመቀነሻው መውጫ መሀል መውጣቱን ያሳያችሁ። ወደ አንድ ጎን ከተጠጋ አይተኮስም። እንዲህ ጥርስ የወጣለት ጠመንጃ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ደግሞ በለንደን ወይም በበርሚንግሃም የአፈሙዝ ፍተሻ ቤት (የጠመንጃን ጥንካሬ የሚፈትሽ ተቋም) እንደገና መፈተሽ አለበት።